ሟች ተከሳሽ

ቦልተን የእንግሊዝ የጥጥ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ፣ ዳርት ሚል በተባለ ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ከ1930ዎቹ ጀምራ እስከ 1970 ድረስ፣ አንዳንዴ እያቋረጠች፣ ሠርታለች። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ሕጎች ከወጡባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሥራ ቦታዋ ጥሬው ጥጥ በማሽን ተበጥሮ ባዘቶ የሚሆንበት ክፍል ነበር። እዚያ የሚቦነው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ቢሲኖሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። በሽታው ሲጀምር የሚታወቀው ሰኞ ሰኞ ነው። ሠራተኛው እሑድን አርፎ ወደ ብናኙ ሲመለስ ደረቱን ያፍነዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማክሰኞ ቀለል ይለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሕመሙ ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከማክሰኞ ወደ ሳምንቱ ሁሉ ይዘልቃል። ሠራተኛዋ በሽታው እንዳለባት በሐኪሞች የተረጋገጠው በ1970 ነው።

ኩባንያው በ1976 ፈረሰ። ሒሳቡ ተጣርቶ ስሙ ከመዝገብ ወጣ። ሠራተኛዋ ካሣ ልትጠይቅ ስትነሣ የሚከሰስ አካል አልነበረም። በወቅቱ ሕግ አንድ ኩባንያ መፍረሱ እንዲሻር ፍርድ ቤትን መጠየቅ የሚቻለው በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ያ ጊዜ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ጠበቆቿ ፊታቸውን ወደ መድን ሰጪው አዞሩ። አሠሪዋ በሠራተኞቹ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢግል ስታር ለተባለ የመድን ድርጅት አረቦን ሲከፍል ኖሮ ከሆነ፣ አሠሪው ቢሞትም መድን ሰጪው አልሞተምና እሱ ይክፈል አሉ።

እንዲህ ለማለት የሚያስደፍር ሕግም ነበራቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አንድ አሳፋሪ ጉዳይ ገጥሞት ነበር። አንድ እግረኛ በአንድ ኩባንያ መኪና ተጎድቶ ካሣ ተፈረደለት፤ ኩባንያው ግን ከሰረ። መድን ሰጪው ገንዘቡን ለሒሳብ አጣሪው ከፈለ፤ አጣሪውም ከሌላው የኩባንያው ንብረት ጋር ቀላቅሎ ለገንዘብ ጠያቂዎች በሙሉ እንዲከፋፈል አደረገ። የእግረኛው ስብራት የሌሎች ዕዳ መክፈያ ሆነ ማለት ነው። ፓርላማው በ1930 ሕግ አወጣና መድን የገባው ሰው ወይም ድርጅት ሲከስር ወይም ሒሳቡ መጣራት ሲጀምር፣ በመድን ሰጪው ላይ ያለው መብት በቀጥታ ወደ ተጎጂው እንዲተላለፍ ደነገገ።

የቦልተኗ ሠራተኛ ጉዳይ በ1989 የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እሱ ነበር። ዳኞቹ እንዲህ አሉ፤ ወደ ተጎጂው የሚተላለፈው ሟቹ የነበረው መብት ነው። መድን የገባ ሰው ደግሞ ከመድን ሰጪው ገንዘብ መጠየቅ የሚችለው ኃላፊነቱና የካሣው መጠን በፍርድ፣ በግልግል ወይም በስምምነት ከተለየ በኋላ ነው። የዳርት ሚል ኃላፊነት አልተለየም። ለመለየት መክሰስ ያሻል፤ ለመክሰስ ተከሳሽ ያሻል፤ ተከሳሹ ሞቷል። ከአምስቱ ዳኞች አራቱ በዚህ ሲስማሙ ሎርድ ቴምፕልማን ብቻ በሐሳብ ተለዩ። ሠራተኛዋ ተረታች።

አመክንዮው ቀዳዳ የለውም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ማንም ሠራተኛዋ አልታመመችም አላለም፤ ማንም ብናኝ ሳንባ አይጎዳም ብሎ አልተከራከረም። ክርክሩ በሙሉ አንድ የወረቀት አካል በሌላ ወረቀት በመሰረዙ ላይ ቆመ።

የዚህ ሁሉ ሥር የሕግ ሰውነት የሚባለው ፈጠራ ነው። በ1897 በሎንዶኑ ጫማ ሠሪ በአሮን ሳሎሞን ጉዳይ ይኸው የጌቶች ምክር ቤት ኩባንያ ከባለቤቱ የተለየ አካል ነው፣ ዕዳውም የራሱ ነው ብሎ ወስኗል። የኩባንያው አክሲዮን ከጥቂቱ በቀር የሳሎሞን ነበር፤ ቢሆንም ለኩባንያው ዕዳ አልተጠየቀም። በመዝገብ የተወለደ አካል በመዝገብ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ዕዳውን የሚቀበል ወራሽ የለውም። በአሮጌው የእንግሊዝና የአሜሪካ ልማዳዊ ሕግ ነገሩ ይብስ ነበር፤ ኩባንያ ሲፈርስ ዕዳውም አብሮት ይጠፋል ይባል ነበር።

የዚህን ሕግ ግድግዳ መጀመሪያ ከነቀነቁት አንዱ አሜሪካዊው ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ናቸው። በሜይን ግዛት ሃሎዌል ኤንድ ኦገስታ የተባለ ባንክ ፈቃዱ ሲያበቃ፣ የባንኩን የብር ኖት ለያዙ ሰዎች ከመክፈል በፊት ባለአክሲዮኖቹ አብዛኛውን ካፒታል ተከፋፈሉት። ኖት ያዢዎቹ ሊመነዝሩ ሲመጡ ባንኩ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ስቶሪ በ1824 በሰጡት ውሳኔ የባንኩ ካፒታል የባለአክሲዮኖቹ የግል ገንዘብ አይደለም አሉ፤ ገንዘብ ጠያቂዎች እስኪከፈሉ ድረስ በአደራ የተያዘ ነው፤ የተከፋፈሉትም በድርሻቸው ልክ ይመልሱ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ስቶሪ ባንኩን ከሞት አላስነሡትም፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ብቻ ጠየቁ።

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መፍረስ ከድርጅቱ ላይ የሚወስደው በፍርድ ቤት የመቆም ችሎታውን ነው። ዕዳውን ግን ብቻውን አይሰርዘውም። ሕግ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ሲሠራ የኖረው በሟቹ ቦታ የሚቆም ሰው መፈለግ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ያገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደጃፉን ዘግቶ ይቀመጣል።

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ሆኗል። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሚመዘገቡባት በዴላዌር ግዛት ሕግ፣ የፈረሰ ኩባንያ ለ3 ዓመት ያህል ለመክሰስና ለመከሰስ ብቻ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ የተጀመረ ክስ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ሦስት ዓመት ለነጋዴ ዕዳ በቂ ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ ለተነፈሰ ሰው ግን ምንም አይደለም፤ የዚያ ማዕድን ካንሰር ራሱን የሚገልጠው ብዙ ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ዳይመንድ ኢንተርናሽናል የተባለ የዴላዌር ኩባንያ በ2005 ፈረሰ። በ2008 መጨረሻ በካሊፎርኒያ በአስቤስቶስ ጉዳት ተከሰሰ። ካሊፎርኒያ ራሷ ለምትመዘግባቸው ኩባንያዎች ሕጓ ለጋስ ነው፤ ከፈረሱም በኋላ እንዲህ ያለ የሦስት ዓመት ገደብ ሳይደረግ ሊከሰሱ ይችላሉ። ከሳሾቹ ይህ ሕግ ለእኛም ይሥራ አሉ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 መጀመሪያ፣ ያ ሕግ ለካሊፎርኒያ ኩባንያዎች ብቻ ነው፣ የዴላዌር ልጅ በዴላዌር ሕግ ይዳኛል ብሎ መለሳቸው። ሦስት ዓመቱ ስላለፈ በሩ ተዘጋ። የተጎዳው ሰው የሚኖርበት ቦታ ሳይሆን ኩባንያው ወረቀቱን ያስመዘገበበት ቦታ ወሳኝ ሆነ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ሌላ ጉዳይ ወሰነ። ክራፍት መርፊ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የልስን ሥራ ተቋራጭ ነበር። በ1999 ፈርሷል። የአስቤስቶስ ክሶች ግን ከሦስት ዓመቱ በኋላም ይመጡ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ የለውም፤ ሕንፃ የለውም፤ የቀረው በጊዜው የገዛው የመድን ውል ብቻ ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት ይህ ንብረት አይባልም፣ ነገሩ አልቋል ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ገለበጠው። የሦስት ዓመቱ ደንብ የኩባንያውን ችሎታ እንጂ ኃላፊነቱን አይገድብም፤ ያልተነካ የመድን ውል ንብረት ነው፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ንብረት ጠባቂ ይሹምና በሟቹ ስም ይከሰስ አለ። ሁለቱ ውሳኔዎች በቀጥታ አይጣሉም፤ በካሊፎርኒያው ጉዳይ ንብረት ጠባቂ ይሾምልን ያለ አልነበረም። ግን ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ያነበበ የሕግ ሰው ከደንበኛው ጋር የሚያወራው ሌላ ነገር ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ኩባንያው አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ የትኛው ፍርድ ቤት ሄጄ ምን ልጠይቅ የሚለው ነው።

ባለአክሲዮኖችስ? ዴላዌር ስቶሪ ያሉትን በሕግ ጽፋዋለች፤ ገንዘብ ጠያቂ ሳይከፈል ባለአክሲዮን የተካፈለው ገንዘብ ካለ፣ በተካፈለው ልክ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ በላይ ኪሱ አይነካም። ቤቱን፣ መኪናውን፣ የልጁን የትምህርት ገንዘብ እንወስዳለን የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ፣ የማጭበርበር ማስረጃ እንዲያሳይ ጠይቁት።

ወደ ቦልተን እንመለስ። ፍርዱ የተሰጠው በ1989 ነው፤ ፓርላማውም በዚያው ዓመት የኩባንያ ሕጉን አሻሻለ። ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሣ ክስ ሲባል የፈረሰ ኩባንያ በማንኛውም ጊዜ ወደ መዝገብ ሊመለስ ይችላል ተባለ፤ ለውጡም ወደ ኋላ 20 ዓመት እንዲሠራ ተደረገ። የዳርት ሚል ዓይነቶቹ ሁሉ ሊነሡ ቻሉ። ይህ ዛሬ በ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ ውስጥ ይገኛል፤ ለሌላ ዓይነት ክስ ግን የመመለሻው ጊዜ 6 ዓመት ነው። የተመለሰ ኩባንያ እንዳልፈረሰ፣ ሳይቋረጥ እንደኖረ ይቆጠራል። አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ አራት ቀን መሞቱን ማንም አልካደም፤ የእንግሊዝ ሕግ ግን ያስነሣውን ኩባንያ ጭራሽ አልሞተም ይለዋል። በዚህ ፈጠራ ላይ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም፤ በሌላ ፈጠራ የተወለደን አካል ለመያዝ ሌላ ፈጠራ ቢያስፈልግ አይደንቅም።

ቢሆንም መንገዱ አድካሚ ነበር። የታመመ ሰው መጀመሪያ ኩባንያውን ለማስነሣት ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ የተነሣውን ኩባንያ ይከሳል፤ ካስፈረደበት በኋላ ደግሞ መድን ሰጪውን ይከሳል። ለሳንባ በሽተኛ ሦስት ክስ ብዙ ነው። በ2010 የወጣው አዲስ ሕግ ይህን ሁሉ ወደ አንድ አመጣው፤ ተጎጂው ኩባንያውን ሳያስነሣ መድን ሰጪውን በቀጥታ ከስሶ፣ የኩባንያውም ኃላፊነት በዚያው ክስ እንዲወሰን ማድረግ ይችላል። ሕጉ በ2010 ቢጸድቅም ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጸድቆ ተቀመጠ። ቢሲኖሲስና የአስቤስቶስ ካንሰር በዚህ መሐል አልጠበቁም።

ገና አንድ ችግር ይቀራል፤ መድን ሰጪው ማን ነበር? በ1950ዎቹ የተፈረመ የመድን ውል የት እንዳለ ማን ያውቃል? ብሪታንያ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው መድን እንዲገቡ ያስገደደችው በ1969 በወጣው፣ በ1972 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ለድሮ ሠራተኞች የመድን ሰጪውን ስም የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በ2011 በመድን ድርጅቶች ተቋቋመ። አሠሪውም መድን ሰጪውም ለጠፋባቸው የሜሶቴሊዮማ (በአስቤስቶስ የሚመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ታማሚዎች ደግሞ በ2014 በወጣ ሕግ፣ በመድን ድርጅቶች ላይ በተጣለ መዋጮ የሚከፍል ፈንድ አለ። ኢንዱስትሪው ይህን ዕዳ ከሜዳ የመጣ ነው ብሎ ተቃውሞት ሊሆን ይችላል፤ አረቦኑን የሰበሰበው ግን ራሱ ኢንዱስትሪው ነበር።

በነገራችን ላይ የፈረሰ ኩባንያ ንብረት ቢተርፍ በእንግሊዝ ባለቤት አልባ ተብሎ ወደ ዘውዱ ይሄዳል፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በላንካስተር ግዛት ከነበረ ደግሞ ወደ ላንካስተር ዱኪ፣ ማለትም ወደ ንጉሡ የግል ርስት። ይህ ከሳሽ ለሆነ ኩባንያ ወጥመድ ነው። ገንዘቤን የያዘብኝ ሰው አለ፣ እከሳለሁ እያለ ዓመታዊ ሪፖርት ማስገባት የረሳ ኩባንያ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ የመክሰስ መብቱ ራሱ ለዘውዱ ያልፋል። ባለዕዳው ከዚያ በኋላ ‘ከሳሼ ማን ነው?’ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ።

ሆን ብሎ ከክስ ለማምለጥ ድርጅት የሚያፈርስም አለ። ዛሬ ዘግቶ ነገ በተመሳሳይ ስም፣ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ስልክ የሚከፍተውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በብሪታንያ በ1986 ሕግ፣ ከስሮ ሒሳቡ የተጣራ ኩባንያ ዳይሬክተር ለ5 ዓመት በተመሳሳይ ስም ሌላ ኩባንያ ውስጥ መሥራት የሚችለው ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። በ2021 መጨረሻ ደግሞ፣ በኮሮና ጊዜ የመንግሥት ብድር ወስደው ኩባንያቸውን ከመዝገብ ያስሰረዙትን ለመያዝ፣ የፈረሰ ኩባንያ ዳይሬክተሮችን የመመርመርና የማገድ ሥልጣን ለመንግሥት ተሰጠ። ከዚያ በፊት ኩባንያው በቀላሉ ከተሰረዘ ምርመራው ራሱ ይከብድ ነበር።

እኛ አገር ነገሩ ከሥሩ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ረቂቅ የፈረንሳዮቹ የዣን ኤስካራና የአልፍሬድ ዦፍሬ ሥራ ነው፤ የንግድ ማኅበራትን የሚመለከተው ክፍሉ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። በዚህ የሕግ ቤተሰብ መፍረስ ማለት መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ነው። ባለአክሲዮኖች ማኅበሩ ይፍረስ ብለው ሲወስኑ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፤ ማጣራቱ እስኪያልቅ የማኅበሩ የሕግ ሰውነት ይቀጥላል፤ ክሱም በአጣሪው በኩል ይቀርባል። ስለዚህ ‘ድርጅቱ ፈርሷል’ ተብሎ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚነገር ቃል ክሱን ያስቀራል ብላችሁ አትመኑ። ሱቁ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ የንግድ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ታፔላው ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዱም መፍረስ አይደለም። ከንግድ መዝገብ መሰረዙን የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብ ማለት መብታችሁ ነው።

ለሠራተኛ ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ቅድሚያው የሚጠቅመው ግን ጥያቄው በጊዜው ለቀረበ ሰው ነው፤ የዚያው አዋጅ የይርጋ ጊዜ አጭር ነው፣ ለደሞዝና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ስድስት ወር ብቻ። ድርጅቱ ሲፈርስ አየሁና ልጠብቅ ያለ ሰው ይርጋ ቀድሞት ያገኘዋል።

ስለዚህ ከድርጅት የሚጠይቀው ገንዘብ ያለው ወይም በሥራ የተጎዳ ማንኛውም አንባቢ የሚከተለውን ያድርግ። በጋዜጣ ‘ማኅበሩ በመፍረስ ላይ ስለሆነ ገንዘብ ጠያቂዎች ቅረቡ’ የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቀኑን ጻፉ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለሒሳብ አጣሪው ስጡ፤ የተቀበለበትን ፊርማና ማኅተም በቅጂያችሁ ላይ ያዙ። የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የደሞዝ ደረሰኛችሁን፣ የሕክምና ማስረጃችሁን አታቃጥሉ፤ የምትሠሩበት ድርጅት መድን ከየትኛው ኩባንያ እንደገዛም ድርጅቱ በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ መዝግቡ።